ሙቢና የቆጠረቻቸው ተሳፋሪዎች

«ክረምቱን ምን ሥራ አገኛችሁ?» ሲሉን «ሰው መቁጠር» እንላለን። ከዚያ በኋላ ሳቅ ነው። የሰፈሩ ሰው ክረምቱን በኛ ሲስቅ ነው የከረመው። እናቴ እንኳ፣ የገዛ እናቴ፣ ለጎረቤት «ማሂ ዩኒቨርሲቲ ገብታ መቁጠር ተማረችልኝ» አለች። እኔ ማሂ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት አሰላ ነው። ትዕግሥት ሲታደል ተኝቼ ነበር መሰለኝ አልደረሰኝም፤ ስለዚህ ስናገር ብቆጣ አትቀየሙኝ። የማወራችሁ ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ ጓደኛዬ ስለ ሙቢና ሁሴኖ ነው።

ሙቢና የሳጉሬ ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ሁሴኖ መናኸሪያው ፊት ለፊት የእህል መጋዘን አላቸው፤ ስንዴና ገብስ ይነግዳሉ። እኔና እሷ የተዋወቅነው አሰላ ባለው ዩኒቨርሲቲ፣ ሒሳብ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። ሙቢና ደስ ሲላት መቀመጥ አትችልም። አንድ ጥያቄ ሲፈታላት ብድግ ብላ ጠረጴዛውን ትዞራለች፣ ሻርፗን ወደ ኋላ ትወረውራለች፣ እጇን ታጨበጭባለች። አንደኛ ዓመት ሳለን ፈተና መሀል እንደልማዷ ብድግ አለች። ፈታኙ «ጨረስሽ?» ብሎ ወረቀቷን ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ «ኧረ ገና አንደኛው ነው! ግን እንዴት እንደሚያምር!» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

ጋሽ ሁሴኖ ክፉ ሰው አይደሉም። ልጃቸውን ይወዳሉ፤ ሒሳብ የሚባለውን ትምህርት ነው የማይወዱት። «መደመርና መቀነስ ከሆነ መጋዘኔ ውስጥ ሞልቷል፤ ከዚያ የተረፈው ምን ይሠራል?» ይላሉ። በሰኔ ወር ይዘዋት ዩኒቨርሲቲ ድረስ መጡና ወደ አካውንቲንግ የመዛወሪያ ማመልከቻ አስገቡ። ዝውውሩ መስከረም ላይ ይጸድቃል ተባለ። ሙቢና ያን ቀን ከኔ ጋር ምሳ አልበላችም። ድስቱን ብቻዬን ጨረስኩት፤ ተናድጄ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ግን የክረምቱ ሥራ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ዶክተር ሮሐ የሚባሉ መምህራችን ለክረምት የሒሳብ ተማሪዎችን ለምርምር ሊቀጥሩ ነው። ሌላው ተማሪ አገሩ ገብቶ ሲያርስ፣ ሲነግድ፣ ወይም ሲተኛ፣ እኛ ሁለት ሁለት ሆነን ከአካባቢያችን አንድ ጥያቄ እንመርጥና በሒሳብ እንመረምራለን። አበልም አለው። ሙቢና ማስታወቂያውን ያነበበችው ቆማ ነው፤ አንብባ ስትጨርስ ግቢውን ዞራ መጣች።

አባቷን ለመለመን አብሬያት ሳጉሬ ሄድኩ። የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው፤ እኔ ነኝ በአማርኛ የማመጣላችሁ። ጋሽ ሁሴኖ ከጆንያ ላይ ሳይነሱ ሰሟትና «እሺ» አሉ። «ግን እንዋዋል። ክረምቱ ሳያልቅ ይህ ሒሳብሽ የሚሠራውን አንድ ነገር አሳዪኝ። በወረቀት ሳይሆን በዓይኔ ልየው። ካሳየሽኝ ማመልከቻውን እናወጣዋለን። ካላሳየሽኝ መስከረም ላይ አካውንቲንግ ትገቢያለሽ፤ ሁለተኛ ልቅሶ የለም።»

«እሺ አባ፣ ቃሌ ነው» አለቻቸው።

ከመጋዘኑ እንደወጣን ጮኽኩባት። «አብደሻል እንዴ? ትልልቅ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሠርተውት አንድም የሚታይ ነገር ሳያገኙ የሚሞቱበትን ትምህርት በአንድ ክረምት?» እሷ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ናት። ሞኝ አልላትም፤ ወረቀት ናት። ቃል ከሰጠች ሰጠች ነው።

ጥያቄያችን የተገኘው ወደ አሰላ ስንመለስ እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ነው። መቼም መናኸሪያ ቁጭ ብላችሁ ታውቃላችሁ። መኪናው ካልሞላ አይነሳም። ረዳቱ «የሞላ! አሰላ! አንድ ሰው!» ይላል፣ አንዱ ሰው ገብቶም ሌላ አንድ ሰው ይቀራል። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ መስኮቱ በትንፋሽ ይታፈናል፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ጉልበት ላይ ያለው ዶሮ ዓይን ዓይናችሁን ያያችኋል። እኔ እየተንጨረጨርኩ «ይሄ መኪና ለምንድነው ቶሎ የማይሞላው?» ስል ሙቢና ብድግ አለች። ጭንቅላቷ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። እሷ ግን ምንም አልመሰላት።

«ማሂ! እሱ ነው ጥያቄያችን! ወረፋ እኮ ነው! ወረፋ ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው! ሰው በስንት ጊዜ ልዩነት ይመጣል፣ የትኛውን መኪና ይመርጣል፣ መቼ ይሞላል፣ ሁሉንም እኮ ማስላት ይቻላል!»

«መጀመሪያ ተቀመጪ» አልኳት። እኔም ግን ቦርሳዬ ውስጥ እስክሪብቶ መፈለግ ጀምሬ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የተናደድኩበት ነገር መልስ ሊኖረው ነው? እሰይ!

ዶክተር ሮሐ ጥያቄውን ወደዱት። አንድ ሕግ ግን አላቸው። «የሰው ነገር ቆጥራችሁ ዝም ብላችሁ አትሄዱም። የደረሳችሁበትን መጀመሪያ የምትነግሩት ለቆጠራችኋቸው ሰዎች ነው፤ እኔ ከዚያ በኋላ እሰማለሁ» አሉን። ከእኛ ጋር የተቀጠረው የሁሩታ ልጅ በእውቀቱ የሽንኩርት ዋጋ ነበር የመረጠው። በደስታ «እኔ እናቴን ብነግራት ይበቃል» አለ። እኛ ግን ለሳጉሬ መናኸሪያ ነው የምንናገረው። ያኔ አልታየንም እንጂ፣ መናኸሪያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ትንሽ ማሰብ ነበረብን።

ሐምሌ ገባ። በየገበያው ቀን ጃንጥላችንን ይዘን ሳጉሬ መናኸሪያ እንቆማለን። በገበያ ቀን ሁለት መኪና ጎን ለጎን ነው የሚጭነው፤ ቀድሞ የሞላው ይሄዳል። እኔ ከአንዱ፣ ሙቢና ከሌላው አጠገብ ሆነን ማን መቼ እንደገባ፣ ሲገባ ውስጥ ስንት ሰው እንደነበረ፣ መኪናው መቼ እንደተነሳ እንጽፋለን። ጭቃው ጫማችንን ይጎትታል። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣታችንን ያደነዝዘዋል። ተራ አስከባሪው አብዲሳ መጀመሪያ ከገቢዎች የተላክን መስሎት ሰላምታ ሁሉ ነሳን፤ ተማሪዎች መሆናችንን ሲያውቅ ደግሞ ያሾፍብን ጀመር። «እኔንም ቁጠሩኝ፣ እኔ ብቻዬን ሦስት ሰው ነኝ!» ይላል ደረቱን እየነፋ። ጋሽ ሁሴኖ በበኩላቸው ከመጋዘናቸው ደጃፍ ሆነው «ዛሬስ ስንት ሰው አተረፋችሁ?» ይሉናል። ሙቢና ከሁሉም ጋር ትስቃለች። እኔ ነኝ የምቃጠለው።

ማታ ማታ እኛ ቤት አሰላ አብረን ስናድር ግን፣ ወይ ደስታ! ሙቢና የቆጠርነውን ኮምፒውተር ላይ እያስገባች ቀመር ሠራች። ስታስረዳኝ ቤታችን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች የእናቴን ወንበሮች ሁሉ ሚኒባስ አደረገቻቸው። ነገሩ ቀላል ነው። ሰው ሁልጊዜ የሚገባው ሊሞላ የተቃረበው መኪና ውስጥ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የያዘ መኪና ከዚያ በኋላ እየፈጠነ መሙላት አለበት። እንዲህ ስትለኝ እኔም «አዎ! ልክ ነው!» ብዬ ብድግ አልኩ። በሽታዋ ተላልፎብኛል ማለት ነው።

ችግሩ፣ መናኸሪያው ቀመሩን አልሰማም። ቀመሩ «ሰባት ሰው የያዘው ቀድሞ ይነሳል» ይላል፤ ሰባት ሰው የያዘው ቁጭ፣ ሦስት የያዘው እልም! አንድ ቀን ቢሆን ዕድል ነው እንላለን። ግን ሁልጊዜ ነው። ሙቢና ቀመሩን አፍርሳ ሠራችው፣ እንደገና አፈረሰችው። ለዶክተር ሮሐ ስናሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው «ወይ ቀመራችሁ ተሳስቷል፣ ወይ ቆጠራችሁ» አሉን። ቆጠራችን? እኔ ማሂ በዚያ ዝናብ ቆሜ የቆጠርኩት? ንዴቴን ዋጥኩት እንጂ ያን ቀን መምህርና ተማሪ እንጣላ ነበር።

ነሐሴ እኩሌታ ደረሰ። ሙቢና መክሳት ጀመረች። «መስከረም እኮ መጣ፣ ማሂ» ትለኛለች፤ ሌላ ነገር አትልም። አካውንቲንግ ክፉ ትምህርት ሆኖ አይደለም። ለሙቢና ግን አንድ ጊዜ እንኳ ብድግ አያሰኛትም፤ ያንን እሷም እኔም እናውቃለን። ዕድሜ ልኳን ተቀምጣ ስትሠራ ታየኝና ሆዴ ባባ።

አንድ የገበያ ቀን ዝናቡ አላስቆመን ብሎ እኔ ቀድሜ ወደ ቤት ልሄድ ተነሳሁ። ረዳቱ ኦብሳ «አንድ ሰው! የሞላ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። ውስጡን ባየው እውነትም አንድ ቦታ ብቻ ነው የቀረው። ተመስገን ብዬ ዘልዬ ገባሁ። ገና ከመቀመጤ አረንጓዴ ጃንጥላ የያዘ ሰውዬ «ይቅርታ» ብሎ ወረደ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ወረደች። ከዚያ ከኋላ ወንበር ሁለት ጎረምሶች እየሳቁ ወረዱ፤ የቀሩትም ተራ በተራ ተከተሏቸው። ቀና ስል መኪናው ውስጥ እኔና አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርተናል።

«ኦብሳ! አንተ ሌባ! ሞላ አላልክም እንዴ?» ብዬ በመስኮት ጮኽኩ።

«እህቴ፣ አሁን ይሞላል፣ አትቸኩዪ» ይለኛል እየሳቀ። ተናድጄ ወረድኩ።

ሙቢና ውጭ ሆና ታየኛለች። አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ጃንጥላዋን ጭቃው ላይ ጥላ እየሮጠች መጣች። «ማሂ! ያ ባለ አረንጓዴ ጃንጥላ ሰውዬ! ጠዋትም ቆጥሬዋለሁ! ባለፈው ገበያም ቆጥሬዋለሁ! የትም አይሄድም እኮ፣ የውሸት ተሳፋሪ ነው!»

እዚህ ላይ ልንገራችሁ፣ ተናድጄ ሳይሆን አፍሬ። የውሸት ተሳፋሪ ምን እንደሆነ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። መኪናው ባዶ እንዳይመስል ረዳቱ ሥራ የሌላቸውን ሰዎች ያስቀምጣል፤ እውነተኛው ተሳፋሪ ሲገባ እነሱ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ይህ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። ሌላ አገር ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። ሙቢና ግን መናኸሪያው ፊት ለፊት ተወልዳ፣ እኔ ከአሥር ጊዜ በላይ በዚሁ ተታልዬ ተሳድቤ፣ እስክሪብቶና ወረቀት ስንይዝ ጊዜ ሁሉም ከጭንቅላታችን ጠፋ! ተመራማሪ ሆነናላ! የተቀመጠ ሁሉ ተሳፋሪ መሰለን። የወር ተኩል ቆጠራችን ግማሹ መቀመጫ እንጂ መንገደኛ አልነበረም።

ቤት ደርሰን ልብሳችንን ስንጨምቅ «ስሚ» አልኳት። «ዝም እንበል። ማን ያውቃል? ቀመሩን ከቆጠራው ጋር ትንሽ እናስታርቀውና እናቅርብ። አባትሽም ቀመር አይተው አይመረምሩ።»

ሙቢና ተቆጥታ አታውቅም። ያን ቀን ተቆጣችኝ። «ለአባቴ ውሸት አሳይቼ ሒሳብ ልማር? እንደሱማ ከሆነ አካውንቲንግ ልግባና እውነት ልቁጠር!»

አኮረፍኳት። አኮረፈችኝ። እናቴ ሁለታችንንም እያየች ሽሮውን አቀረበች። ስንበላ ሙቢና ጉርሻዋን አፏ ሳታደርስ ቆመች።

«ማሂ፣ ባዶ መኪና ውስጥ መጀመሪያ የሚገባ ማነው? አንቺ ትገቢያለሽ?»

«ሞቼ ነው!»

«ማንም አይገባም! ስለዚህ የውሸት ተሳፋሪ ባይኖር ባዶው መኪና ባዶውን ይውላል። ውሸታሞቹ ሥራ አላቸው ማለት ነው! ግን ሲበዙ ደግሞ ሰው ይነቃል፣ የገባውም ተናዶ ይወርዳል፤ አንቺ ዛሬ እንደወረድሽው። ስለዚህ መሀል ላይ አንድ ልክ አለ! ቀመሩ ውስጥ እነሱንም ማስገባት ነው! እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም!» ጠረጴዛውን ስትዞር ሽሮው ሊደፋ ለጥቂት ተረፈ። እናቴ «ኧረ በስመአብ! ልጅቷን ምን ነካት?» አለች። እኔ ምን ነካኝ? እኔም ተከትያት እዞር ነበር።

የድሮውን ቆጠራ ጣልነው። ሙቢና ወረቀቱን ስትቀድ እንደ እህል እንክርዳድ ለይታ አላስቀረችም፤ ሁሉንም ቀደደችው። የቀሩትን የገበያ ቀናት አዲስ ቆጠራ ጀመርን፤ አሁን ሰውን ብቻ ሳይሆን ውሸትንም ለይተን። ባለ አረንጓዴ ጃንጥላው ሰውዬ ጭምር ወዳጃችን ሆነ፤ ሲያየን ከሩቅ «እኔ የውሸት ነኝ!» ብሎ ይጮህልናል። ጳጉሜን ሊገባ ሲል ሙቢና ቤታችን እየሮጠች ገባች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ሁለት!» አለች። «ሁለት የውሸት ተሳፋሪ! ያኔ ነው መኪናው ቶሎ የሚሞላው። ምንም ከሌለ ማንም አይጀምርም፤ ከሁለት ከበዛ ደግሞ ሰው ይሸሻል። ሁለት፣ ማሂ!»

ተቃቀፍን። ዘለልን። ወይ ጉድ፣ ሒሳብ እንዲህ ያዘልላል ብሎ ማን ነገረኝ?

ከዚያ በኋላ ግን የዶክተር ሮሐ ሕግ ነበር። ጳጉሜን ውስጥ በዋናው የገበያ ቀን፣ የዘመን መለወጫ ሸማች በሚተራመስበት ሰዓት፣ ዶክተር ሮሐን ይዘን ሳጉሬ መናኸሪያ ገባን። ለጋሽ ሁሴኖም ሙቢና ማታውኑ ነግራቸዋለች። ደረታቸው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው መጋዘናቸው ደጃፍ ቆመዋል። ፊታቸው ላይ ምንም የሚነበብ ነገር የለም። 

ጥግ ላይ ያለ አሮጌ ጎማ ላይ ወጣች። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ ተናገረች። ስትጀምር ወረቀቷን ብቻ ነበር የምታየው። ከዚያ ግን ጎማው ላይ መወዛወዝ ጀመረች፤ ያን ጊዜ ደስታዋ እንደመጣላት አወቅኩ። «ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለች። «ወር ተኩል ሙሉ የቆጠርኩት ስህተት ነበር። የውሸት ተሳፋሪዎችን እንደ እውነተኛ ቆጥሬ ነበር። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ተታለልኩ። ያን ሁሉ ቀድጄ ጣልኩትና እንደገና ጀመርኩ።» ሰው ሳቀ። እኔ ግን ወደ ጋሽ ሁሴኖ ነው ያየሁት። የታጠፉት እጆቻቸው ተፈቱ።

ሁለት የምትለውን ስትናገር ግን መናኸሪያው ተቀጣጠለ። አብዲሳ እጁን እያወናጨፈ መጣ። «እንዴት ነው ነገሩ? ውሸታም ልትሉን ነው? እኔ ይሄን መናኸሪያ የማስተዳድረው በሰባትና በስምንት ሰው ነው! ሁለት ሰው ምን ሊሞላ?»

«ሒሳቡ ነው የሚለው» አለች ሙቢና።

«ሒሳቡ መኪና ነድቶ ያውቃል? በይ እንሞክር! አሁኑኑ! እኔ በሰባት፣ አንቺ በሁለት። ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል!»

«አንድ ሙከራ ማስረጃ አይሆንም!» አለች ሙቢና። ማን ሰምቷት! መናኸሪያው ሁሉ «ይሞከር! ይሞከር!» እያለ ነው። ዶክተር ሮሐም እንኳ ጫማቸው ጭቃ እንደዋጠው ረስተው «ይሞከራ!» አሉ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

የሰማን ሰዎች ሁሉ ተሳፋሪውን እንዳናባንን መጋዘኑ በረንዳ ላይ ተሰብስበን ዝም እንድንል ታዘዝን። ዝም ያለ የሳጉሬ ገበያተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ። አብዲሳ በአንደኛው መኪና ሰባት ሰው ጠቀጠቀ። ኦብሳ በሌላው ባለ አረንጓዴ ጃንጥላውንና አንዲት ሴትን አስቀመጠ። መጥራት ተጀመረ።

መጀመሪያ የአብዲሳ መኪና ቀደመ። አንዲት እናት ገቡ፣ አንድ ሰው ወረደ። አንድ ገበሬ ገባ፣ ሌላ ወረደ። የሙቢና መኪና ውስጥ አንድ ተማሪ ብቻ ገባ። አብዲሳ ወደኛ እየዞረ ጢሙን ያሻሻል። ጥቂት ቆይቶ ግን በአብዲሳ መኪና የገቡት እናት «ይሄ ሁሉ ሰው ወዴት ነው የሚወርደው? ያው ናችሁ፣ አታፍሩም!» ብለው ዶሯቸውን ይዘው ወረዱ። ገበሬውም ተከተላቸው። እናትየዋ ቀጥ ብለው የሙቢና መኪና ውስጥ ገቡ። ሰው ሲገባ ሰው ያያል፤ እነዚያ ሁለቱ ሳይታወቅ ወረዱ፣ ሌሎች ገቡ። ሞላ ሞላ አለ። እኔ የዶክተር ሮሐን ክንድ ጨምድጄ ይዣለሁ፤ እሳቸውም የኔን።

ድንገት ለቅሶ ደርሰው የሚመለሱ ዘመዳሞች በአንድ ላይ መጡና ሳይመርጡ የአብዲሳን መኪና ሞሉት። አንድ ሰው ቀረው። የሙቢናም አንድ ሰው ቀረው። «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» አብዲሳና ኦብሳ ጉሮሯቸው ሊበጠስ ነው። ሙቢና ዓይኗን ጨፍናለች።

ያኔ ከበረንዳው አንድ ሰው ወረደ። ጋሽ ሁሴኖ! የመጋዘናቸውን ቆርቆሮ በር ጎትተው ዘጉ፣ በዋናው የገበያ ቀን፣ ቆለፉትና በጭቃው ውስጥ ሳይቸኩሉ ተራምደው የኦብሳ መኪና ውስጥ ገብተው የመጨረሻዋ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሙቢና ጮኸች። «አባ! ይውረዱ! ሙከራውን አበላሹት! እርስዎ ደግሞ የውሸት ተሳፋሪ ሆኑ?»

«ማነው የውሸት?» አሉ በመስኮት። «ሒሳቤን ከፍያለሁ። አሰላ ነው የምሄደው።»

«ዛሬ? በገበያ ቀን? ምን ሊሠሩ?»

«ያን በሰኔ ያስገባነውን ማመልከቻ ላወጣ ነዋ።»

ሙቢና ከበረንዳው ወርዳ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። 

«እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሙቢና» አሉ ጋሽ ሁሴኖ። «የነቀዘ እህል ያለው ሰው ነቀዙን ከታች አድርጎ ጥሩውን ከላይ እንደሚያሳይ አውቃለሁ። አንቺ የነቀዘውን ከላይ አወጣሽ። ያውም እኔ ቆሜ እያየሁሽ፣ አካውንቲንግ እንደሚጠብቅሽ እያወቅሽ። በዓይኔ አሳዪኝ ብዬሽ ነበር፤ አየሁ። በይ አታስለፍልፊኝ፣ ቢሮው ሳይዘጋ ልድረስበት። ኦብሳ፣ ምን ትጠብቃለህ? ሞልቷል እኮ!»

ኦብሳ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው። መኪናው ጭቃ እየረጨ ወጣ። አብዲሳ ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለው፣ አንስቶ አራገፈውና ሳቀ። ሰው ሁሉ መጮህ ጀመረ፤ ዶክተር ሮሐም እየጮኹ ነበር።

ሙቢና ግን አልዘለለችም፣ አልዞረችም። መኪናው የሄደበትን መንገድ እያየች ቆማለች። እኔ መቁጠሪያ ወረቀቴን ይዤ ተጠጋኋት። ልማድ ሆኖብኛል፣ መጻፍ አለብኝ።

«የመጨረሻውን ሰው ልቁጠራቸው ወይስ ልተዋቸው?» አልኳት።

ዞር አለች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ነው።

«ቁጠሪያቸው» አለችኝ። «እውነተኛ ተሳፋሪ ናቸው፣ ማሂ። ቁጠሪያቸው!»